በመዝገብ ቤቱ በኩል

አባቴ 23 ዓመት የሠራው በአንድ የጎንደር ትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ነው። ማክሰኞና ዓርብ ፒያሳ ወዳለው፣ ጣልያን ወደሠራው ፖስታ ቤት ይሄዳል፤ የትምህርት ቤቱን ሳጥን ይከፍትና የመጣውን ደብዳቤ በቆዳ ቦርሳው ይዞ ይመለሳል። ትምህርት በማይኖርበት ቀን እኔም እጁን ይዤ አብሬው እሄድ ነበር። ሳጥኗ ከጫማ ካርቶን አትበልጥም፤ ግን የስንት ሰው ደብዳቤ ነበር የሚያልፍባት! የመምህራኑ፣ የተማሪዎቹ፣ የዘበኞቹ፣ አጥሩ ሥር ሻይ የምትሸጠው ሴት ሳትቀር። ኤንቨሎፑ ላይ የሚጻፈው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ ለአቶ እገሌ፣ በእንዲህ ያለው ትምህርት ቤት በኩል፣ ፖ.ሣ.ቁ. ይህን ያህል፣ ጎንደር።

አባቴ ሁለት ትልልቅ መዝገቦች ነበሩት፤ ገቢና ወጪ። የሚወጣ ደብዳቤ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ቀኑና የላከው ሰው ስም ይሰፍራል። መልሱ ሲመጣ «በቁጥር 114 ለጻፋችሁልን» የሚል ከሆነ አባቴ መዝገቡን ገልጦ ባለቤቱን ያገኘዋል። እኛ ሳንጽፍ ድንገት የመጣና ስሙ በግልጽ ያልሰፈረ ደብዳቤ ግን የማን እንደሆነ አይታወቅም። እንዲህ ያለው በመስኮቱ መስታወት ላይ ይለጠፋል፤ ፀሐይ ቀለሙን እስኪበላው ይቆያል፤ ከዚያ ይነሳል።

ይህን ሁሉ ያነሳሁት ስለ ኢንተርኔት ልጽፍ ፈልጌ ነው።

ያለፉትን ስምንት ወራት፣ ከሥራ መልስና እሁድ እሁድ፣ የምንጠቀምበት የጌም መሥሪያ ፍሬምወርክ (ጌም የሚገነባበት ዝግጁ ኮድ) በአይፒቪ6፣ ማለትም በአዲሱ የኢንተርኔት አድራሻ አሠራር፣ እንዲሠራ ስደክም ቆይቻለሁ። ፍሬምወርኩ ኦፕን ሶርስ ነው፤ ኮዱን ማንም አንብቦ ማሻሻያ መላክ ይችላል። ከጥቂት ሳምንታት በፊት የላክሁት ሥራ ተቀባይነት አግኝቶ ዋናው ኮድ ውስጥ ገባ። ምን እንደቀየርሁ ለሙያው ሰዎች እዚያው ጽፌላቸዋለሁ። እዚህ መጻፍ የፈለግሁት ነገሩ ለምን እንዲህ እንዳንገበገበኝ ነው።

ታናሽ ወንድሜና እኔ የገናን ጨዋታ ወደ ስልክና ላፕቶፕ ማምጣት ከጀመርን ሁለት ዓመት አልፎናል። ሜዳ አለ፤ ቆልማማ ዱላ የያዙ ልጆች አሉ፤ ሩሯ አለች። እስከ ስምንት ሰው በየስልኩ ሆኖ ይገባል። ስንጀምረው መግቢያው ላይ ሁለት ቁልፍ አደረግን። ጨዋታውን በራሱ ስልክ ላይ የሚከፍተው «ቤት ለእንግዳ» የሚለውን ይጫናል፤ ሊቀላቀል የመጣው ደግሞ «ቤቶች!» የሚለውን። የሞባይል ዳታ ከከተማችን ጠፍቶ በቆየባቸው ወራት የሰፈሩ ልጆች እኛ ሳሎን ተሰብስበው፣ ያለ ኢንተርኔት፣ በአንድ ራውተር ብቻ ሲጫወቱት ያመሹ ነበር። ሲጣሉ እናቴ ከማድ ቤት ሆና «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ!» ትላቸዋለች።

ዳታው ሲመለስ የመጀመሪያው ጥያቄ የመጣው ከአክስቴ ልጅ ነው። አሜሪካ ከሄደ 9 ዓመቱ ነው። «እኔንስ አታስገቡኝም?» አለ። ጌሙን ላፕቶፑ ላይ ጫነና ከቤቱ ሆኖ ሞከረው፤ ሠራለት። ሥራ ቦታው በእረፍት ሰዓት ሲሞክር ግን «ሰርቨሩ አልተገኘም» ይለዋል። ቤት ሲመለስ ይሠራል፤ ሥራ ቦታ ይቆማል። ሦስት ሳምንት ሙሉ የተከራየነውን ሰርቨር ስበረብር ከረምሁ። በመጨረሻ የላፕቶፑን የኔትወርክ ገጽ ፎቶ አንስቶ እንዲልክልኝ ጠየቅሁት። ፎቶውን ሳይ ገባኝ። የሥራ ቦታው ዋይፋይ የድሮውን፣ የአይፒቪ4ን አድራሻ ጭራሽ አይሰጥም፤ ያለው አይፒቪ6 ብቻ ነው። እኛ ደግሞ የሰርቨሩን የአይፒቪ4 ቁጥር ኮዱ ውስጥ በእጃችን ጽፈነዋል።

እንዲህ ባለ ኔትወርክ ውስጥ አስተርጓሚ አለ። ፕሮግራሙ ሰርቨሩን በስሙ ከጠየቀ፣ አስተርጓሚው የድሮውን ቁጥር በአዲሱ ውስጥ ጠቅልሎ ይሰጠዋል፤ መንገዱም ይከፈትለታል። ቁጥሩን ራሱ ተሸክሞ ለመጣ ፕሮግራም ግን የሚደርስለት የለም። «እንግዲያውስ ስሙን እንጻፍ» ብለን ስሙን ጻፍን። አሁንም እምቢ። ፍሬምወርኩ ስምን ወደ ቁጥር የሚቀይረው ጌትሆስትባይኔም በሚባለው የድሮ ፈንክሽን ነው፤ እሱ ደግሞ እዚያ በተጠራበት አኳኋን አይፒቪ4ን ብቻ ነው የሚጠይቀው። አፕል እንዲህ ያለውን ነገር ቀድሞ አይቶት፣ እ.ኤ.አ. ከጁን 1 ቀን 2016 ጀምሮ ወደ መደብሩ የሚገባ አፕሊኬሽን ሁሉ አይፒቪ6 ብቻ ባለበት ኔትወርክ ላይ መሥራት እንዳለበት ደንግጓል። እኛ ያንን የሰማነው ስንት ዓመት ቆይተን ነው።

እዚህ ላይ ቁጥሩን ልናገር። አይፒቪ4 መስፈርቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1981 ነው። አድራሻው 32 ቢት (የ0 ወይም የ1 ቦታ) ነው፤ ተቆጥሮ 4,294,967,296 ይሆናል። ያኔ ኮምፒውተር የዩኒቨርሲቲና የጦር ኃይል ዕቃ ነበርና ብዙ መስሎ ታይቷል። ዛሬ በዓለም ላይ ከ8 ቢሊዮን የማያንስ ሰው አለ፤ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ እንኳ አይደርስም። በዓለም አቀፉ ማዕከላዊ ክምችት ውስጥ የቀረው የመጨረሻው ድርሻ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 3 ቀን 2011 ለአምስቱ የአህጉር መዝጋቢዎች እኩል ተከፋፍሎ አለቀ። የአፍሪካው መዝጋቢ አፍሪኒክ ነው፤ መቀመጫው ሞሪሽየስ። አይፒቪ6 የተዘጋጀው ይህ እንደሚመጣ ታውቆ ነው። የመጀመሪያው መስፈርት እ.ኤ.አ. በ1995 ወጣ፤ አድራሻው 128 ቢት ነው፤ 340 ብላችሁ ከጀርባው 36 ዜሮ ብትደረድሩ ወደ ቁጥሩ ትጠጋላችሁ።

ዓለም ግን ወደ አዲሱ ከመሄድ ይልቅ መዝገብ ቤት ከፈተ። እ.ኤ.አ. በ1994 ናት የሚባለው ዘዴ በጽሑፍ ወጣ። አሠራሩ የአባቴ ነው፤ ምንም ልዩነት የለውም። በቤታችን ያሉት ስልኮችና ላፕቶፖች በራውተሩ አንድ አድራሻ በኩል ይወጣሉ። ራውተሩ የወጣውን ፓኬት (ትንሽ የመረጃ ጥቅል) ወጪ መዝገቡ ላይ ያሰፍራል፤ መልስ ሲመጣ ገልጦ ለባለቤቱ ይሰጣል። ሳይጠራ የመጣውን ይጥላል። መዝገቡ ደግሞ ለዘላለም አይቀመጥም፤ ጌም በሚጠቀምበት በዩዲፒ (የፓኬት መላኪያ ዘዴ ነው) በኩል ቢያንስ ለ2 ደቂቃ እንዲቆይ እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው መስፈርት ቢያዝም፣ እኔ የለካሁት ራውተር በ30 ሰከንድ ይረሳል። ስለዚህ ስልኩ ምንም የሚናገረው ባይኖረውም እንዳይረሳ ብሎ ዝም ብሎ ፓኬት ይልካል።

የኛን ስመለከት ደግሞ መዝገብ ቤቱ አንድ አልነበረም። ራውተራችን ራሱ የተሰጠው አድራሻ በ100.64 ይጀምራል። ይህ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ የኢንተርኔት አቅራቢዎች ለውስጥ አገልግሎት እንዲጠቀሙበት የተለየ ክልል ነው፤ ከውጭ ያለ ሰው ሊጽፍለት አይችልም። ማለትም ከቤታችን መዝገብ ቤት በላይ ሌላ ትልቅ መዝገብ ቤት አለ፤ የስንት ሺህ ቤት ደብዳቤ በዚያ በኩል ያልፋል። እዚያ መዝገብ ላይ ስማችንን ማስጻፍ የምንችልበት መንገድ የለም።

ያን ቀን ነው «ቤት ለእንግዳ» የሚለው ቁልፍ ዓይኔ ላይ የተጋረጠው። ከሳሎናችን ወጥቶ አይሠራም። ማራኪ ሠፈር ያለ ልጅ ቢጫነው አዘዞ ሠፈር ያለው ጓደኛው ሊገባለት አይችልም፤ ሁለቱም ሌላ አገር ያለ ሰርቨር ዘንድ ሄደው መገናኘት አለባቸው። የኛ ሰርቨር ያለው ጀርመን ነው። ማራኪ ሆኖ ሩሯን የመታው ልጅ ምቱ ባሕር ተሻግሮ፣ አውሮፓ ደርሶ፣ ተመልሶ ነው አዘዞ የሚገባው፤ በለካሁት ጊዜ ደርሶ መልሱ ከ150 ሚሊሰከንድ በላይ ይወስዳል። የሰርቨሩ ኪራይ በውጭ ምንዛሪ ስለሆነ የሚከፍልልን የአክስቴ ልጅ ነው። እሱ ባይኖር ጨዋታው አይኖርም።

ይህ አሳዘነኝ። ጎንደር ላይ ቡና ተፈልቶ ጎረቤት ሳይጠራ የሚጠጣበት ቤት አላደግሁም። ሰው እንግዳ ሆኖ መሄድ ብቻ እንጂ እንግዳ መቀበል የማይችልበት ኑሮ ምን ዓይነት ኑሮ ነው? ልጆቻችን ኢንተርኔት ላይ የሚያውቁት ይህንን ነው። ሁልጊዜ የሰው ደጅ ይመታሉ፤ የነሱን ደጅ የሚመታ የለም። እነሱ ደግሞ ነገሩ ከተፈጥሮው እንዲህ ይመስላቸዋል። አይደለም። ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1981 የመረጡት ቁጥር ነው፤ ያ ቁጥር ደግሞ እኔ በየቀኑ በምጠቀምበት ፍሬምወርክ ውስጥ፣ እኔም ላየው በምችለው ፋይል ውስጥ፣ «32» ተብሎ ተጽፎ ተቀምጧል።

ከፋይሉ ጋር የተዋወቅሁት እንዲህ ነው። ፍሬምወርኩ ፓኬት የሚልከው ከኢኔት በተወለደ ላይብረሪ (ሌሎች ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበት የኮድ ስብስብ) ነው። ኢኔት ኪዩብ ለሚባለው የተኩስ ጌም ተብሎ የተጻፈ፣ ከዚያም ብዙ የጌም መሣሪያዎች የወረሱት ላይብረሪ ነው፤ ዩዲፒ የማይሰጠውን ነገር፣ የጠፋውን እንደገና መላክና ቅደም ተከተል መጠበቅን፣ በትንሽ ኮድ ይሰጣል። እወደዋለሁ፤ ንጹሕ ሥራ ነው። ነገር ግን አድራሻ የሚያስቀምጥበት ቦታ 32 ቢት፣ ፖርቱ (በማሽኑ ውስጥ ፕሮግራሙን የሚለየው ቁጥር) 16 ቢት ነው። ጎዶትን የመሰሉ የጌም መሣሪያዎች ይህንኑ ላይብረሪ ለራሳቸው አሻሽለው አይፒቪ6 ጨምረውበታል፤ ስለዚህ መንገዱ ያልተሄደበት አልነበረም። በኛ ፍሬምወርክ ግን የጀመረው ሰው አልነበረም።

ቦታውን ከ4 ባይት (አንድ ባይት 8 ቢት ነው) ወደ 16 ባይት ማስፋት የአንድ ቀን ሥራ መሰለኝ። አስቸጋሪው ሌሎቹ ፋይሎች «አድራሻ ማለት አራት ባይት ነው» ብለው በየስርቻው ማመናቸው ነው።

ለምሳሌ አድራሻ የሚያነበው ክፍል። ተጫዋቹ «192.168.1.5:7777» ብሎ ይጽፋል፤ ኮዱ ሁለት ነጥቡ ጋ ሲደርስ ይቆርጠዋል፤ ግራው አድራሻ፣ ቀኙ ፖርት። የአይፒቪ6 አድራሻ ግን ራሱ በሁለት ነጥብ ነው የሚከፋፈለው። ልጅ ሆኜ ቄስ ትምህርት ቤት በስንደዶ እየጠቆምሁ ሳነብ ቃልን ከቃል የሚለይልኝ ሁለት ነጥብ ነበር፤ እሱን ያላየ አንባቢ ሁለቱን ቃል አንድ አድርጎ ያነበንባል፤ የኔታም ይቆጡታል። እዚህ ላይ የገጠመኝ ተቃራኒው ነው። «::1:7777» የሚለውን ተመልከቱ። «::1» ማለት ይህ ማሽን ራሱ ማለት ነው። ታዲያ 7777 ፖርቱ ነው ወይስ የአድራሻው መጨረሻ? ሁለቱም ትክክል ነው፤ «::1:7777» ራሱን የቻለ ሌላ አድራሻ ነው። ከጽሑፉ ብቻ ተነስቶ ማንም ሊፈርድ አይችልም። ለዚህ ነው አድራሻው በማዕዘን ቅንፍ ታጥሮ «[::1]:7777» ተብሎ የሚጻፈው። ኮዱን እንደገና ጻፍሁት፤ ቅንፍ ካለ በቅንፉ፣ ከሌለና ሁለት ነጥቡ አንድ ብቻ ከሆነ እንደድሮው፣ ከዚያ በላይ ከሆነ ፖርት አልተሰጠም ብሎ እንዲወስድ። በዚህች 40 መስመር ኮድ ላይ ሁለት እሁድ አለፈ።

ከሁሉ የማልረሳው ግን ልጆቹ ያገኙልኝ ስህተት ነው። የመጀመሪያውን ቅጂ ጨርሼ ሳሎን ውስጥ ለሙከራ አስቀመጥሁላቸው። ወንድሜ «ቤት ለእንግዳ»ን ተጫነ፤ ሁለት የጎረቤት ልጆች፣ ወንድማማቾች ናቸው፣ ገቡ። ሜዳው ላይ ግን ከወንድሜ ሌላ የሚታየው አንድ ልጅ ብቻ ነው። ያ ልጅ ወደ ቀኝ ሁለት እርምጃ ይሄድና ወደ ግራ ይመለሳል፤ ዱላውን ያነሳል፣ ሳይመታ ያወርዳል።

«ልቀቀው እንጂ፣ የኔ ነው!» አለ ታላቁ።

«አልያዝሁትም! አንተ ነህ የምትጎትተው!»

ሁለቱም እውነታቸውን ነበር። ኮዱ ተጫዋችን የሚለየው አድራሻውንና ፖርቱን በአንድ 64 ቢት ቁጥር ውስጥ አሽጎ ነው። በአይፒቪ4 ጊዜ 32 እና 16 ተደምሮ 48 ስለሆነ በምቾት ይገባ ነበር። እኔ ሰፊውን አድራሻ ስሰጠው የመጀመሪያዎቹን 64 ቢቶች ይዞ የቀረውን ቆረጠው። በአይፒቪ6 ደግሞ የመጀመሪያዎቹ 64 ቢቶች የሚናገሩት ሠፈሩን ነው፤ በአንድ ቤት ዋይፋይ ላይ ያለ ሁሉ እነዚያን ይጋራል። ማን መሆኑን የሚናገረው ሁለተኛው ግማሽ ነው። ኮዱ የቤተሰቡን ስም አንብቦ የልጆቹን ስም ስለጣለ ሁለቱ ወንድማማቾች በአንድ ሰውነት ውስጥ ገቡ። ያን ማታ መፍትሔውን ጻፍሁ፤ ተጫዋች የሚለየው በሙሉው 16 ባይት፣ በፖርቱና በገባበት በር (በገመድ ወይም በዋይፋይ) ቁጥር እንዲሆን።

የበሩን ቁጥር ያነሳሁት ያለምክንያት አይደለም። አይፒቪ6 ያለው ማንኛውም መሣሪያ፣ ኢንተርኔት ኖረም አልኖረም፣ ለአካባቢው ብቻ የምታገለግል አድራሻ ለራሱ ያወጣል፤ በኤፍኢ80 የምትጀምረው ናት። ይህን ሳነብ ደስ አለኝ፤ የማንንም ፈቃድ ሳይጠብቅ፣ መስመሩ ተቆርጦም ቢሆን፣ ሁለት ስልክ ሊነጋገርባት ይችላል። ነገር ግን ይህች አድራሻ ብቻዋን አትበቃም። «መስቀል አደባባይ እንገናኝ» ብል ጎንደር ያለው ሰው ጎንደር፣ አዲስ አበባ ያለው አዲስ አበባ ነው የሚሄደው፤ የቱ ከተማ እንደሆነ መናገር አለብኝ። ላፕቶፑ በገመድም በዋይፋይም የተገናኘ ከሆነ፣ በኤፍኢ80 የምትጀምር አድራሻ በየትኛው በኩል እንደሆነች ካልተነገረው ፓኬቱን አይልክም። የኛ አሮጌ ኮድ ለዚህ የሚሆን ቦታ አልነበረውም።

ጨዋታ የከፈተን ሰው በቤት ውስጥ መፈለግም ተቀይሯል። በአይፒቪ4 ስልኩ «ቤቶች!» ብሎ ለሁሉም ይጮሃል፤ ብሮድካስት የሚሉት ነው። አይፒቪ6 ውስጥ ብሮድካስት የለም። በምትኩ መልቲካስት አለ፤ መስማት የሚፈልግ ብቻ ማኅበሩ ውስጥ ይመዘገባል፤ ጥሪው ለአባላቱ ይደርሳል። ከጩኸት የተሻለ ነው፤ የማይመለከተው ስልክ አይረበሽም። እዚህ ላይ አራት ቀን የበላኝ አንድሮይድ ነው። ባትሪ ለመቆጠብ ሲል፣ አፕሊኬሽኑ መልቲካስት ሎክ የሚባለውን ፈቃድ ካልያዘ ዋይፋዩ እነዚህን ፓኬቶች ላያሳልፋቸው ይችላል። ስህተት ብሎ አይናገርም፤ ዝም ነው የሚለው።

ዊንዶውስና ሊኑክስም አይስማሙም። አንድ የአይፒቪ6 ሶኬት (ፕሮግራሙ ከኔትወርኩ ጋር የሚገናኝበት ጫፍ) ሲከፈት ሊኑክስ አይፒቪ4ንም አብሮ ይቀበላል፤ ዊንዶውስ ካልተነገረው አይቀበልም። አንድ መስመር ኮድ ነው፤ ግን የጓደኛዬ ላፕቶፕ ላይ እስክሞክረው ድረስ አላወቅሁም።

ወንድሜ የጠየቀኝን ጥያቄ ግን ከልቤ ነው ያሰላሁት። «ፓኬጅ አይበላም ወይ?» አለኝ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ ልጆቹ ዳታ የሚገዙት በሜጋባይት ነው። የአይፒቪ4 ፓኬት ራስጌ 20 ባይት፣ የአይፒቪ6 40 ባይት ነው። የኛ ጌም በሰከንድ 20 ፓኬት ይልካል፣ 20 ይቀበላል። ጭማሪው በሰከንድ 800 ባይት፣ በሰዓት 3 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል። ጥቂት ነው ብዬ ማለፍ አልፈለግሁም። ሩሯ ከተጫዋቹ ራቅ ስትል ፓኬቱን በሰከንድ ወደ 10 አወረድሁት፤ የሁለት ቅጽበት እንቅስቃሴ በአንድ ፓኬት ይሄዳል። አሁን ጌሙ በአይፒቪ6 የሚበላው ዳታ ቀድሞ በአይፒቪ4 ይበላ ከነበረው ያነሰ ነው።

ይህን ሁሉ ስሠራ ቤቴ ውስጥ ወደ ውጭ የሚወጣ አይፒቪ6 አልነበረኝም። ሊኑክስ በአንድ ላፕቶፕ ውስጥ የተለያዩ ኔትወርኮችን መፍጠር ያስችላል፤ እኔም ሦስት የምናብ ኮምፒውተሮች ፈጥሬ፣ አንዱን አይፒቪ6 ብቻ፣ አንዱን አይፒቪ4 ብቻ፣ አንዱን ሁለቱም ያለው አድርጌ አገናኘኋቸው። መብራት ሲጠፋ እንኳ ባትሪው እስኪያልቅ እዚያች ትንሽ ዓለም ውስጥ እሠራ ነበር። የአክስቴ ልጅ ሥራ ቦታ ያለውን ሁኔታ አስተርጓሚውን ጨምሬ እዚሁ ጠረጴዛዬ ላይ አበጀሁት።

ሥራውን ስልክ ከፕሮጀክቱ ኃላፊዎች አንዱ በትሕትና «አሁን ያለው ይሠራል፤ ይህን ማን ይጠቀምበታል?» ብሎ ጠየቀ። ክፋት አልነበረበትም። እሱ የሚጽፈው ኮድ የሚሠራው የራሱ አድራሻ ባለው ቤት ውስጥ ይሆናል፤ የኛ ጭንቀት ከዚያ አይታይም። ረጅም መልስ ጻፍሁና አጠፋሁት። ከዚያ የምናብ ኮምፒውተሮቼን ስክሪፕት አያይዤ፣ «ይህን ያስኪዱት፤ የአሁኑ ቅጂ አይፒቪ6 ብቻ ያለው ማሽን ላይ ይቆማል» አልሁ። አስኬደው። በማግስቱ ኮዱን መስመር በመስመር እያየ አስተያየት መስጠት ጀመረ፤ በጣም ጥሩ አስተያየት። ለምሳሌ ሰርቨሩ ሁለቱም ዓይነት አድራሻ ሲኖረው አንዱ እስኪከሽፍ አንጠብቅ አለ። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው መስፈርት የሚመክረው በመጀመሪያ በአይፒቪ6 ሞክሮ፣ 250 ሚሊሰከንድ ቆይቶ መልስ ከሌለ ሌላውንም መጀመር ነው፤ ቀድሞ የመለሰው ይወሰዳል። እንደዚያ አደረግነው፤ ተጫዋቹ ምንም አይታወቀውም።

የምወደውን ነገር አጋንኜ እንዳላወራ አንድ ነገር ልጨምር። አይፒቪ6 የመጣ ዕለት በሩ ወለል ብሎ አይከፈትም። ብዙ ራውተሮች ሳይጠራ የመጣን ፓኬት በአይፒቪ6ም ይከለክላሉ፤ ለደኅንነት መከልከላቸውም ተገቢ ነው፤ የልጆች ስልክ ለመንገደኛ ሁሉ የተጋለጠ እንዲሆን አልፈልግም። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፤ ሁለቱ ልጆች በቀጠሮ፣ በአንድ ጊዜ አንዱ ወደ ሌላው ፓኬት ቢልኩ ሁለቱም ራውተሮች «ይህን እኛም ጽፈንለታል» ብለው ያሳልፋሉ። በአይፒቪ4 ይህ ዘዴ ሁለት መዝገብ ቤት ሲደራረብ ብዙ ጊዜ ይከሽፋል፤ የላይኛው መዝገብ ቤት ፖርቱን እንዴት እንደሚለውጠው አይታወቅምና። አድራሻው ሳይለወጥ ሲሄድ ግን ግምት አያስፈልግም።

የአክስቴ ልጅ በምሳ ሰዓቱ የገባው አንድ ቅዳሜ ነው፤ እኛ ጋ መሽቷል። ሥራ ቦታው ያለውን ያንኑ ዋይፋይ ይዞ «ቤቶች!» አለ። ሜዳው ላይ አንድ ልጅ ብቅ አለ፤ ስሙ በአማርኛ ጭንቅላቱ ላይ ተጽፏል። እናቴ መነጽሯን አድርጋ መጣች። «የትኛው ነው እሱ?» አለች። አሳየኋት። ጣቷን ስክሪኑ ላይ አድርጋ፣ እየሮጠ በሄደበት ሁሉ ተከተለችው።

አባቴ ጡረታ ወጥቷል፤ ሥራዬን ግን ይከታተላል። ያን ማታ ልጆቹ ከሄዱ በኋላ ስለ አዲሱ አድራሻ አስረዳሁት።

«እና ለየቤቱ ሳጥን ሊሰጥ ነው በለኛ» አለኝ።

«ለየቤቱ ብቻ አይደለም አባዬ፤ ቤት ውስጥ ላለው ለእያንዳንዱ ሰው።»

«መዝገቡን ማን ይይዛል ታዲያ?»

«መዝገብ የለም።»

ቆየት ብሎ፣ «መንገድ ላይ የጠፋውስ?» አለ። የጠፋውን ላኪው ራሱ አውቆ እንደገና እንደሚልከው ነገርሁት። ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ተነስቶ የሳሎኑን መብራት አጠፋና ራውተሩ ላይ የምታብረቀርቀዋን አረንጓዴ መብራት ትንሽ ቆሞ አያት።

«ቤት ለእንግዳ» የሚለው ቁልፍ አሁን በሁለቱም አድራሻ ከፍቶ ይጠብቃል። እኔ ጠዋት ጠዋት ቡና ሳይቀርብ የራውተሩን ገጽ እከፍታለሁ። ሁለት መስመር አለው። ዛሬም የመጀመሪያው በ100.64 ይጀምራል፤ ሁለተኛው፣ አይፒቪ6 የሚለው፣ ባዶ ነው።